ለአሮጌ ዴስክቶፕ ዲዲአር3 ወይስ ዲዲአር4? ብራችሁን ሳታወጡ ይችን አንብቡ

ሰሞኑን ከቢቸናም ከሞጣም እዚሁ ደብረ ማርቆስም ሰው ይደውላል፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ "ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ፣ ዲዲአር3 ልጨምርበት ወይስ ዲዲአር4 ይሻላል?" ሁለቱም የራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ዓይነቶች ናቸው፣ 4ቱ አዲሱ ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ ዴል 7010 ወይ 9020 ነው፣ ሦስተኛና አራተኛ ጀነሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው። እነዚህ ላይ ዲዲአር4 ጭራሽ አይገባም፣ የራሙ ቁርጥ ቦታው ሌላ ነው፣ ተጭኜ ላስገባው ያለ ሰው ስሎቱን ሰብሮ ነው የመጣልኝ። ስለዚህ ምርጫው ራም መጨመር ወይስ ማዘርቦርዱንም (ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ፕሮሰሰሩንም መቀየር ነው።

እኔ ዲዲአር3 ጨምሩ ነው የምለው፣ ያውም ዩዝድ ኦርጅናሉን። ሂሳቡን እዩት። እኔ ስገዛ ዩዝዱ ባለ 8 ጂቢ 1,900 ብር ነበር፣ ሁለቱ 3,800። ዲዲአር4ቱን ስጠይቅ ባለ 8ቱ አንዱ ብቻ 4,000 አሉኝ፣ በዛ ላይ ቦርድና ፕሮሰሰር ሲደመር 17,000 ገባ፣ 9020 ከሆነ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ባለ 8 እግር ስለሆነ ተራ ቦርድ ላይ አይሰካም፣ እሱም ይገዛል ማለት ነው። ለዎርድ፣ ለኤክሴል፣ ለኢንተርኔት የፍጥነቱን ልዩነት አታዩትም፣ ከተረፋችሁ ብር ላይ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ግዙበት እሱን ነው የምታዩት። ዲዲአር4 የምላችሁ ዊንዶውስ 11 በደንቡ የግድ ካስፈለጋችሁ ብቻ ነው፣ እሱ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው የሚፈልገው፣ ያኔ ቦርድ ከመቀያየር ሙሉ ኮምፒውተሩን መግዛት ይሻላል።

ዩዝድ ያልኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። ዓምና አዲስ የታሸገ ባለ 8 ዲዲአር3 በ1,300 ብር አለ ሲሉኝ ከአዲስ አበባ ሁለት አስላክሁ። ሰካሁት፣ ስክሪኑ ጥቁር፣ ቢፕ ቢፕ ይላል። እግሩን በላጲስ አሸሁት፣ ስሎት ቀያየርኩ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ሪሴት አደረግኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። በኋላ ሳጣራ ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ነው፣ የቺፑ አደራደር ስለሚለይ ኢንቴል አያነበውም። ሻጩ "ከተሰካ አይመለስም" አለኝ፣ አባይ በረሃን ተሻግሬ ምን ልከራከር፣ 2,600 ብሬ ከነመላኪያው ሄደ፣ አሁንም ያናድደኛል።

ስለዚህ ራሙ ላይ ያለውን ስቲከር አንብቡ። ፒሲ3 (ዲዲአር3 ማለት ነው) 12800 ካለ በኋላ ዩ የሚል ፊደል ካለ የዴስክቶፕ ነው፣ ኤስ የላፕቶፕ፣ አር የሰርቨር። የሰርቨሩ ባለ 16 በርካሽ ሲቀርብላችሁ እንዳትጓጉ፣ እነዚህ ላይ አይሠራም። ፒሲ3ኤል የሚል ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ፣ በ1.35 ቮልትም በ1.5ም ይሠራል፣ አራተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕማ አብዛኛው ያለሱ አይነሳም። ስቲከሩ ሳምሰንግ ብሎ ቺፖቹ ላይ ጽሑፍ ከሌለ ወይ የተፋቀ ከመሰለ ተዉት፣ ስቲከር ማንም ያትማል። ኦርጅናሉ ላይ ብዙ ጊዜ የሳምሰንግ፣ የሃይኒክስ ወይ የማይክሮን ስም ወይ ምልክት ቺፑ ራሱ ላይ ታገኛላችሁ፣ ሁሉም ቺፕ አንድ ዓይነት ነው።

ዴል 3040 ያላችሁ ደግሞ ስድስተኛ ጀነሬሽን ነው ብላችሁ ዲዲአር4 እንዳትገዙ፣ እሱ ዲዲአር3ኤል (ስቲከሩ ፒሲ3ኤል የሚለውን) ነው የሚቀበል። አንዱ ባለ 8 ከሚሆን ባለ 4 ሁለት አድርጉት፣ ጥንድ ሲሆን ይፈጥናል።

ስትገዙ ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከባድ ነው አትበሉ፣ እዛው ሱቁ ውስጥ ይሰካ። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ ስለማያሳይ ባዮስ ገብታችሁ እዩት፣ ሙሉው ሲታያችሁ ነው ብር የሚወጣ።