ቪትኮስ ወይስ ቪልካባምባ፦ ለመጨረሻዎቹ ኢንካዎች የቱ ይሻል ነበር?

የፔሩ ኢንካዎች ንጉሥ ማንኮ ኢንካ ዋና ከተማቸውን ኩስኮን ከቦ ከስፔኖች ማስለቀቅ ሲያቅተው በ1537 (እ.አ.አ.) ወደ ቪልካባምባ ተራሮች አፈገፈገ። እዚያ ሁለት መቀመጫ ነበረው፤ ደጋው ቪትኮስና ቆላው የቪልካባምባ ከተማ።

ቪትኮስ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዙሪያውን በሚያሳይ ኮረብታ አናት የተሠራ ነው። አየሩ ለደጋ ሰው ይስማማል። የቤተ መንግሥቱ በሮች ከተጠረበ ነጭ ግራናይት የቆሙ፣ ከታች ሰፍተው ወደ ላይ የሚጠቡ ናቸው። ለንጉሥ የሚመጥን ቦታ ነው፤ ጣጣው ለኩስኮ መቅረቡ። በዚያው ዓመት የስፔኑ አዛዥ የኦርጎኜዝ ጦር ደርሶ የማንኮን ልጅ ቲቱ ኩሲን ማርኮ ወሰደ። ማንኮንም ኋላ እዚሁ የገደሉት ራሱ ያስጠጋቸው፣ ሸሽተው የመጡ ስፔናውያን ናቸው።

ቪልካባምባ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ነው። ግንቡ ባብዛኛው ያልተጠረበ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ የሚገርመው አንዳንዱ ጣሪያ እንደ ስፔኖች ቤት የሸክላ ክዳን ነበረው። የሚታኘከው የኮካ ቅጠል በቅርብ ይገኛል። ሙቀቱ ግን የደጋ ሰው ያደክማል። ዋናው ጥቅሙ መንገዱ ነው፤ ቀጭን፣ ገደላማና ለፈረስ የማይመች። የስፔኑ አዛዥ ጎንዛሎ ፒዛሮ በ1539 ቢደርስበትም ማንኮ ወንዝ ተሻግሮ አመለጠ።

ለእኛ ሚዛኑ ለቪልካባምባ ያደላል፤ ይሁንና የመከላከያው ቁልፍ ወደ አካባቢው የሚያስገባው የቹኪቻካ ድልድይ ነበር። በ1572 ስፔኖች ድልድዩን ያዙ፤ ጁን 24 ከተማዋ ሲገቡ ተቃጥላና ባዶ ሆና አገኟት። የመጨረሻው የኢንካ ንጉሥ ቱፓክ አማሩ በወንዝ ቁልቁል ሸሸ፤ ባለቤቱ መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር ጉዞው ዘገየና ተያዘ።