የኋላ ጎማ ብሎን፦ ኦርጅናል፣ ኮፒ፣ ቶርኖ ወይስ የተፈታ?

ደሴ ውስጥ አሮጌ ቶዮታ ሴሊካ የያዙ ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ አላቸው። የኋላ ጎማ ብሎን ሲቆረጥ የትኛው ይገዛ? መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አዲስ ኦርጅናል። ውድ ነው የምትሉኝን ግን ከነዋጋው ላስረዳችሁ።

የማወራው በኋላ ጎማ ስለሚነዳው፣ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ስለተሠራው ሴሊካ ነው። ብሎኑ ባለ 12 ሚሊ፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ነው። በአንድ ጎማ አራት ናቸው።

ፒያሳ አካባቢ ስጠይቅ ኮፒው 200 ብር ተባልኩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ኦርጅናል 700። ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ ማሽን ያለበት) ማስቀረጽ 300። ከአሮጌ መኪና የተፈታ፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ፣ 150። አንዱ ከተቆረጠ የዚያን ጎማ አራቱንም ቀይሩ፤ ጎረቤቶቹ ጫናውን ተሸክመው ከርመዋልና። ስለዚህ ኦርጅናሉ 2,800፣ ኮፒው 800 ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ሺህ ብር ነው፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አሁን የእጅ ዋጋውን ጨምሩበት። ብሎኑን በደንብ ለመቀየር የፍሬኑ ታምቡር ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ አክስሉም ይወጣል። አክስል ከወጣ የዘይት ጎሚኒውም አብሮ ይቀየራል። እኔ የተጠየቅኩት 2,500 ብር ነው። ኮፒው አንዴ ከተበላሸባችሁ ይህን ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ርካሹ የቱ ነው?

ኮፒው ደግሞ ይበላሻል። አንድ ሱቅ ቶዮታ የሚል ካርቶን ውስጥ ከትቶ «የጃፓን ነው» ብሎ ሸጠልን። ጓደኛዬ መኪና ላይ ስናስር ዳዶው (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው) ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። ብረቱ እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ ነበር። ይህን አስሮ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን ኦርጅናልና አዲሱን ጭንቅላታቸው ጠርዝ ላይ በሞረድ ሞክሩ። ሞረዱ አዲሱን በቀላሉ ከበላው መልሱት። የሌላ ፋብሪካ ጥሩ ብሎን ከሆነ 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ይኖረዋል፤ 8.8 ከሆነ ይለፋችሁ።

ቶርኖ ሠሪዎቻችን ባለሙያ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ችግሩ ብረቱ ነው፤ የተገኘው ዘንግ ይቀረጻል። ፋብሪካው የብሎኑን ጥርስ በመጫን ያወጣዋል፣ ቶርኖ ግን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ጥርስ ቶሎ ይደክማል። አንገቱ ላይ ያለው፣ ቀዳዳውን ነክሶ የሚይዘው ሽንትርም በልኩ ስለማይወጣ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ይዞራል። ያኔ «በብየዳ እንያዘው» ይሏችኋል። እሺ እንዳትሉ! ሙቀቱ የአክስሉን ብረት ይጎዳል፤ የዚህን መኪና አክስል ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ሌላ መከራ ነው።

የተፈታው ኦርጅናል ከኮፒ ይሻላል። ግን ስንቴ ከልክ በላይ እንደታሰረ ማን ያውቃል? ገንዘብ ካጠረ ብቻ፣ ዳዶ በእጅ እስከ መጨረሻው የሚገባበትን መርጣችሁ ውሰዱ።

ሱቅ ስትገቡ «ሴሊካ» አትበሉ፤ ስሙን ሲሰሙ ዋጋው ይሰቀላል። የድሮውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱና ርዝመቱንና የአንገቱን ውፍረት በካሊፐር አስለኩ። የኒሳን ብሎን 12 ሚሊ ቢሆንም ጥርሱ 1.25 ነው፤ ዓይን ያታልላል። ወፍራም የአሉሚኒየም ቸርኬ ካላችሁ ረዘም ያለ ብሎን ያስፈልጋል፤ ዳዶው ቢያንስ ስምንት ዙር ካልያዘ አጭር ነው።

ሲገባ በመዶሻ አይመታ። በፕሬስ ይገፋ፣ ካልሆነም በሮንዴላና በአሮጌ ዳዶ ተስቦ ይግባ። ጎሚስታው የአየር መፍቻውን እንዲያስቀምጥ ንገሩት፤ አብዛኛው ብሎን የሚሞተው በእሱ ነው። ጥርሱ ላይ ግሪስ ሳይቀባ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር ይታሰር። ከዚያ ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን በዚያው ልክ ደግማችሁ ፈትሹ።