የእንጨት ጣሪያና ግድግዳ መንደፊያ ሶፍትዌር፦ ከአንድ ሙሉ ቤት ሥራ በኋላ

የእንጨት ጣሪያ ትረስ (ጣሪያውን የሚሸከም፣ ከተገጣጠሙ እንጨቶች የተሠራ ባለ ሦስት ማዕዘን ማዕቀፍ) እና የግድግዳ ማዕቀፍ የሚነድፍ አንድ ሶፍትዌር በአንድ ሙሉ ቤት ሥራ ላይ ሞክሬዋለሁ። ትልቁ ብርታቱ የግድግዳውን መስመርና የጣሪያውን ተዳፋት ካስገባን በኋላ ትረሶቹን በ600 ሚሊ ሜትር ልዩነት ደርድሮ፣ በእያንዳንዱ እንጨት ላይ የሚያርፈውን የመጨመቅና የመሳብ ኃይል በዩሮኮድ 5 (በአውሮፓ የእንጨት ግንባታ ንድፍ ደረጃ) መሠረት ማስላቱ፣ ከዚያም በየመገጣጠሚያው የሚመታውን ጥርሳም የብረት ሳህን መጠን መወሰኑ ነው። በተለይ በአራቱም ጎን የሚያዘቀዝቅ ጣሪያ ሲሆን፣ በእጅ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚወስደውንና ለስሕተት የተጋለጠውን የወራጆች ቆረጣ ከነርዝመቱና ከነማዕዘኑ ለመቁረጫ ማሽን አዘጋጅቶ ሲያቀርብ ማየት በእውነት ያስደስታል።

የግድግዳው ክፍል ግን ደካማ ነው። አንድ መስኮት ባሰፋሁ ጊዜ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ተሸካሚ አግዳሚ ከአዲሱ ስፋት ጋር አላስተካከለውም፤ አግዳሚው የጣሪያውን ጭነት ወደ ጎን ቋሚዎች የሚያስተላልፍ በመሆኑ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ነፋስ ጣሪያውን ወደ ላይ የሚያነሣበትን ኃይልም የሚያሰላው ተጠቃሚው የቦታውን የነፋስ ፍጥነት ካስገባ ብቻ ነው፤ ሳይሞላ ቢቀር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ለጣሪያ ሥራ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ የግድግዳውን ውጤት ግን መሐንዲስ ሳይመረምረው ወደ ቆረጣ አልልክም።