ምስጋና፦ ጅማ ፖስታ ቤት የጥቅል መስኮት ላይ ለሚሠሩት እናታችን

በቴሌግራም ዕቃ የምንሸጥና የምንገዛ የጅማ ልጆች ነን። ጅማ ፖስታ ቤት ጥቅል የሚቀበሉትን እናታችንን በአደባባይ ማመስገን ፈለግን። ስማቸውን አንጽፍም። ስለ ሰው ገመና እያወራን የሰው ስም ብንለጥፍ መሳቂያ እንሆናለን። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ግን ታውቋቸዋላችሁ፤ የተቀባዩን ስም ጮክ ብለው አያነቡም፣ አድራሻውን በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩ «ይሄ ልክ ነው?» ይላሉ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ማን ለማን ምን እንደላከ አይሰማም።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው በቁራጭ ወረቀቷ ነው። ደረሰኙን ሲሰጡ የመከታተያ ቁጥሩን ለብቻው ጽፈው ይጨምራሉ፤ «ለደንበኛህ ይቺን ላክለት፣ ደረሰኙን ኪስህ ክተተው» ይላሉ።

ብዙ ሻጭ ታማኝነቱን ለማሳየት የደረሰኙን ፎቶ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። እዚያ ፎቶ ላይ የላኪና የተቀባይ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ሊኖር ይችላል። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው የጉምሩክ መግለጫ፣ ሲኤን 22 ወይም ሲኤን 23፣ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ ሳይቀር ይናገራል። አጭበርባሪ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «ጥቅልዎ ጉምሩክ ተይዟል፣ ለማስለቀቅ ይህን ያህል ብር ያስገቡ» የሚል መልእክት ስምንና የጥቅል ቁጥርን በትክክል ጠርቶ ሲመጣ ማን ይጠረጥራል? ፎቶ ደግሞ በስልክ ይቀየራል፤ ያን ሁሉ ገመና አውጥቶ ማስረጃነቱ ደካማ ነው።

ቁጥሩ ግን የራሱ መፈተሻ አለው። ዓለም አቀፍ የመከታተያ ቁጥር 13 ምልክት ነው፦ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ 8 አሃዝ፣ አንድ የማረጋገጫ አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪው አገር ሁለት ፊደል። የእኛ ኢቲ ነው። የመጀመሪያው ፊደል አር ከሆነ አደራ (ሪኮማንዴ)፣ ኢ ከሆነ ኢኤምኤስ (ፈጣን መልእክት)፣ ሲ ከሆነ ፓርሴል ነው። በዩ የሚጀምር ቁጥር ከያዛችሁ ብዙ አትጠብቁ፤ ባርኮድ ቢኖረውም ክትትል አልተከፈለበትም፣ መንገድ ላይ ዝም ቢል ጠፋ ማለት አይደለም።

ማረጋገጫውን በወረቀት ማስላት ይቻላል። ስምንቱን አሃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9፣ 7 አባዙና ደምሩ። ለምሳሌ 12345678 ብንወስድ 8፣ 12፣ 12፣ 8፣ 15፣ 30፣ 63፣ 56 ይሰጣል፤ ድምሩ 204። በ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል። 6ን ከ11 ቀንሱ፣ 5 ይቀራል፤ ዘጠነኛው አሃዝ 5 መሆን አለበት። ውጤቱ 10 ከመጣ 0፣ 11 ከመጣ 5 ይጻፋል። 7ን 1 ብሎ የገለበጠ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይያዛል፤ ከላይ ባለው ምሳሌ 7ቱ 1 ቢሆን ስሌቱ 4 እንጂ 5 አይሰጥም። መሃል ላይ «ኦ» የሚባል ፊደልም የለም፣ ዜሮ ነው።

ስሌቱ የሚያረጋግጠው ግን ቁጥሩ በትክክል መጻፉን ብቻ ነው። ጥቅሉ ፖስታ ቤት መግባቱን የሚነግራችሁ የመጀመሪያው ስካን (የባርኮድ ንባብ) ነው፤ የተቀበለው ቢሮና ቀኑ ይታያል። እሱም ቢሆን የአንተ ጥቅል ስለመሆኑ አይመሰክርም፤ ክፉ ሻጭ ወደዚያው ከተማ የሄደ የሌላ ሰው ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ገዢው በዚህ ከተጠራጠረ የደረሰኝ ፎቶ መጠየቁ አግባብ ነው። ያን ጊዜ የገዢው የራሱ ስም፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ክብደቱ ብቻ ይታይ፤ ፎቶውም ግሩፕ ላይ ሳይሆን ለእሱ ብቻ በውስጥ ይላክ። ገዢው የራሱን ስም ቢያይ ማንም አይጎዳም።

አሸፋፈኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በስልክ ማድመቂያ ብዕር የተቀባ ጥቁር ብዙ ጊዜ ብርሃን ያስተላልፋል፤ የፎቶውን ብሩህነት ሲጨምሩት ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። እናታችን የሚመክሩት በወረቀት ነው፤ ደረሰኙ ላይ እጥፍ ወረቀት አስቀምጦ ከዚያ ፎቶ ማንሳት። አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩን ሰርዞ ባርኮዱን ይተወዋል፤ ባርኮድ የሚያነብ ስልክ ሁሉ ያንኑ ቁጥር ያወጣዋል።

ስካኑ ለቀናት ሳይታደስ ሲቀር ሻጭን ሌባ ከማለት በፊት ይህን እወቁ፦ ጥቅል ከረጢት ውስጥ ገብቶ ከታሸገ በኋላ በየጥቅሉ አይነበብም፣ ከረጢቱ የራሱ መለያ አለው። ቀጣዩ መረጃ የሚመጣው ከረጢቱ ሲፈታ ነው። ክትትሉንም ቁጥሩን በፖስታ ቤቱ ገጽ ላይ ራሳችሁ ጽፋችሁ አድርጉ፤ በኤስኤምኤስ የመጣ ሊንክ አትንኩ። የሁሉን አገር ጥቅል አንድ ላይ የሚያሳዩት የሌላ ድርጅት ገጾች ይመቻሉ፤ ግን ኢሜይልና ስልክ ሲጠይቁ መተው ይቻላል፣ ለመከታተል ቁጥሩ ብቻ ይበቃል።

በሕግም ቢሆን በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ የማይደፈር መሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተጽፏል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እናታችን ግን አንቀጽ ሲጠቅሱ አልተሰሙም፣ የሚያደርጉት ብቻ ነው የሚታየው።

እትዬ፣ ገለቶማ፤ እድሜና ጤና ይስጥልን። ወደ መስኮቱ የምትሄዱ ደግሞ አድራሻውን ቤት ጽፋችሁ፣ ጥቅሉን ሳታሽጉ ሂዱ፤ ይዘቱ መታየት ስላለበት የታሸገውን እንድትፈቱት ያደርጓችኋል። ፕላስተራችሁንም አትርሱ።