ሽንት አልወጣ ለሚላቸው ሴቶች የሚተከለው የነርቭ ማነቃቂያ፦ ከተጠቃሚ የቀረበ ግምገማ

የሽንት መውጫው ሳይዘጋ ሽንት አልወጣ ለሚላቸው ሰዎች ይህ መሣሪያ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ብቸኛው የሜድትሮኒክ ኩባንያ ኢንተርስቲም የተባለው ነበር፤ በ2019 ግን የሌላ ኩባንያ ምርት የሆነው አክሶኒክስ ተጨመረበት። እኔ ቻርጅ የሚደረገውን ዓይነት እጠቀማለሁ።

በጣም የማደንቀው፣ ከመተከሉ በፊት መሞከሩን ነው። ከጭራ አጥንት በላይ ባለው አጥንት ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ገብቶ በዚያ አጥንት ከሚያልፉት ነርቮች ከሦስተኛው አጠገብ ይቀመጥና ከሰውነት ውጭ ካለ ትንሽ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። በሙከራው ወቅት ራሴ የሸናሁትን በመለኪያ እየለካሁ፣ ከዚያም ፊኛዬ ውስጥ የቀረውን በካቴተር (በቀጭን የሽንት ማውጫ ቱቦ) እያወጣሁ ሁለቱንም በደብተር እጽፍ ነበር፤ ለውጡ ቢያንስ ግማሽ ያህል ካልሆነ ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ባለባትሪ ማነቃቂያ በአብዛኛው አይተከልም። ስሜቱ በመቀመጫና በብልት አካባቢ የሚሰማ ቀለል ያለ ንዝረት ነው።

መሣሪያው ፊኛውን በግድ አይጨምቅም፤ በፊኛውና በአንጎል መካከል የሚመላለሰውን የነርቭ መልእክት ያስተካክላል እንጂ። በተለይ የለንደኗ ሐኪም ክሌር ፋውለር በገለጹት ሕመም፣ ማለትም የሽንት መዝጊያው ጡንቻ አልላላ በሚላቸው ወጣት ሴቶች ላይ ጥሩ ውጤት ያሳያል። ብዙዎቹ «ጭንቀት ነው» ተብለው የተመለሱ ናቸውና ይህ ሊታወቅ ይገባል።

ጉድለትም አለው። ሽቦው ከቦታው ሊንሸራተት፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ባትሪው የተቀመጠበት ቦታ ሊያም ይችላል፤ ድጋሚ ቀዶ ጥገናም ብርቅ አይደለም። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ከጭንቅላት በስተቀር ኤምአርአይ (በማግኔት የሚደረግ የሰውነት ምርመራ) አይፈቅዱም ነበር፤ አዲሶቹ ለመላ ሰውነት በተወሰኑ ሁኔታዎች ይፈቅዳሉ፣ ስለዚህ የሞዴሉን መታወቂያ ካርድ ከቦርሳ አለመለየት ይበጃል። ለማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትማከር፤ በእርግዝና ወቅት ያለው ደኅንነት በበቂ ስላልተረጋገጠ ብዙ ጊዜ እንዲጠፋ ይደረጋል።

ቻርጅ ሳደርግ ቻርጀሩ ያለበትን ቀበቶ ወገቤ ላይ ታጥቄ እቀመጣለሁ፤ አይከብድም፣ ነገር ግን መርሳት አያዋጣም። ቻርጅ የማይፈልጉም አሉ። ወደ አገር ቤት ሄዳ ለረጅም ጊዜ ለምትቆይ እህት እነዚህ ይሻላሉ እላለሁ፤ ሆኖም የንዝረቱን ፕሮግራም በመሠረቱ የሚለውጠው የሐኪሙ መሣሪያ ስለሆነ፣ ከጉዞዋ በፊት ማስተካከያውን ትጨርስ፣ አማራጭ ፕሮግራሞችም በሪሞቷ ላይ እንዲጫኑላት ትጠይቅ።