ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ፦ ዊንዶውስ 10፣ ዊንዶውስ 11፣ ሊኑክስ ወይስ ማክ?

ላፕቶፕ ሻጭ ራሙ ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። ኤስኤስዲው ስንት ጊጋ እንደሚይዝም ይነግራችኋል። ሲስተሙ እስከ መቼ አፕዴት እንደሚያገኝ ግን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም። ብትጠይቁትም ብዙዎቹ መልሱን አያውቁትም።

ይህን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ቂሊንጦ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ስላለ ተማሪው ብዙ ነው። ኮንዶሚኒየም ሥር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት የከፈተ አለ። ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሰው ሒሳብ የሚሠራም አለ። ላፕቶፑ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዛው መሀል ከተማ ነው። የሆነ ነገር ሲበላሽ ዕቃውን ተሸክሞ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ ግማሽ ቀን ከሥራ ቀርቶ መሄድ ይመጣል። እዚያ ሲደረስ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት እናድርግልህ» ነው። ስለዚህ ለእኛ የሲስተሙ ዕድሜ ከዋጋው እኩል መታየት አለበት።

ነገሩ የተለወጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ መስጠት ያቆመው በዚያ ቀን ነው። የኦፊስ 2016 እና የኦፊስ 2019 ድጋፍም አብሮ አበቃ። ማሽኑ ከዚያ በኋላም ይነሳል፣ ይሠራል። የቆመው የደኅንነት ጥገናው ነው። ከታች ለማነሳው ተጨማሪ አፕዴት ካልተመዘገባችሁ በቀር፣ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ሰዎች በቀን ስንት የማታውቁት ፍላሽ እንደምትሰኩ አስቡት።

መፍትሔው ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ ነው ተባለ። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚጠብቀውን ሴኪዩር ቡትን፣ እንዲሁም በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። 8ኛው ጀነሬሽን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው፣ ራሙ 16 ጊጋ ቢሆንም፣ ፍጥነቱ ምንም ባይጎድለውም፣ ከጥቂቶች በቀር ከዝርዝሩ ወጥቷል። ይህ እኔን ያናድደኛል። ዶላር በሚወደድበት አገር ሰው ቆጥቦ የገዛው ማሽን ሳይደክም «ጊዜው አልፎበታል» መባል የለበትም። ንዴቱ ግን ላፕቶፕ አይመርጥልንም። አሁን ገበያ ላይ ያሉትን ምርጫዎች ጎን ለጎን እንያቸው።

8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ከዊንዶውስ 11 ጋር

ለአብዛኛው ገዢ የምመክረው ይህን ነው። አፕዴቱ በነፃ ይመጣል። በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ቨርዥን ይወጣል፣ ለተራ ተጠቃሚ እያንዳንዱ ቨርዥን ለ24 ወር ይደገፋል።

ወጥመዱ ያለው የሞዴል ስሙ ላይ ነው። ሻጮች «ቲንክፓድ ቲ480 ስለሆነ 8ኛ ነው» ይላሉ። ቲ480 ግን በ7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰርም ተሠርቷል። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ላይም እንዲሁ። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ትታችሁ ፕሮሰሰሩን አንብቡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» የሚለውን ክፈቱ። አይ5-7300ዩ ካላችሁ 7ኛ ነው። አይ5-8350ዩ ካለ 8ኛ ነው። አይ5-10210ዩ ካለ 10ኛ ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይነግራችኋል። «ኮር አይ ፋይቭ ነው» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሌላው ጣጣ የድርጅት ማሽን ነው። ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ቀድሞ የኩባንያ ንብረት ነበሩ። አንዳንዱ አሁንም በቀድሞው ባለቤት ስም እንደተመዘገበ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲከፈት ምንም የለበትም። ቤት ወስዳችሁ ፎርማት ስታደርጉትና ኢንተርኔት ሲያገኝ ግን የማታውቁት ኩባንያ የመግቢያ ገጽ ይመጣና የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃችኋል። ያንን መፍታት የሚችለው የቀድሞው ባለቤት ነው። ስለዚህ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ ሪሴት አድርጎ፣ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ፣ እስከ መጨረሻው እንዲከፍተው ጠይቁ። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

እዚያው እያላችሁ አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አዲሱ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን በራሱ ሊቆልፍ ይችላል። የመክፈቻው ቁልፍ የሚቀመጠው አካውንቱ ውስጥ ነው። የሱቁ ልጅ «እኔ ልክፈትልህ» ብሎ በራሱ ኢሜይል ከከፈተው ቁልፉ እሱ ጋር ቀረ ማለት ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ቁልፉን ሲጠይቅ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወይም የደንበኛ ሒሳብ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ላይ በግድ የተጫነ ዊንዶውስ 11

ይህን አትግዙ። ቢያንስ በዊንዶውስ 11 ዋጋ አትግዙ። መስፈርቱን ዘሎ መጫን ይቻላል፣ ብዙ ቴክኒሻን ያውቅበታል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውም ያው ዊንዶውስ 11 ነው። ማይክሮሶፍት ግን መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን አፕዴት የማግኘት ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል። የዓመቱ አዲስ ቨርዥን በራሱ አይመጣለትም። እንደገና በእጅ፣ እንደገና ዘሎ መጫን ያስፈልጋል። አንዲት የጎረቤቴ ልጅ የገዛችው እንደዚህ ያለ ነበር። የተነገራት «አዲሱ ዊንዶውስ አለው» ተብሎ ነው፤ ፕሮሰሰሩ 6ኛ ጀነሬሽን ነበር። ውሸት አልተነገራትም፣ ዋናው ነገር ግን አልተነገራትም።

6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን፣ ከዊንዶውስ 10 ጋር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት አዘጋጅቷል። የሚያበቃው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። መንገዱ ሦስት ነው፤ 30 ዶላር መክፈል፣ 1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ መስጠት፣ ወይም ሴቲንጋችሁን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር በማገናኘት ያለ ክፍያ መመዝገብ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ አብዛኞቻችን ስለሌለን የእኛ መንገድ ሦስተኛው ነው። «ዊንዶውስ አፕዴት» ገጽ ላይ የመመዝገቢያው አማራጭ ይመጣል። መጀመሪያ ግን ማሽኑ የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን፣ 22ኤች2፣ ላይ መሆን አለበት።

ቤት ውስጥ ማሽኑ ላላችሁ ይህ ጥሩ ነው፤ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። አዲስ ለምትገዙ ግን ልዩነት አለው። የምትከፍሉት እስከዚያ ቀን ብቻ አፕዴት ለሚያገኝ ማሽን ነው። ዋጋው በደንብ ካልወረደ አያዋጣም።

ያው ማሽን፣ ከሊኑክስ ሚንት ጋር

ሚንት በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን የሊኑክስ ሲስተም ነው። ለተማሪና ለጽሑፍ ሥራ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ይመቻል። ነፃ ነው። ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ድጋፍ አለው፤ በእኛ 2021 ዓ.ም. ማለት ነው። ለ7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ከዚህ የረዘመ ዕድሜ የሚሰጠው ለተራ ተጠቃሚ የተዘጋጀ ዊንዶውስ የለም። አፕዴት ሲኖር ያሳውቃችኋል እንጂ ሥራ ላይ እያላችሁ ሪስታርት አያደርግባችሁም። ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን እዚያው ታያላችሁ። አማርኛም ይጻፍበታል፤ ኪይማን የሚባለው ነፃ ኪቦርድ ይሠራል።

የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። ፒችትሪ የሚሠራ አካውንታንት ሚንትን ይርሳው፤ ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው። ሥራው በሙሉ በፓወር ግዕዝ የሆነ ጽሕፈት ቤትም እንዲሁ። ፕሪንተርም ይታሰብበት። የኤችፒ ፕሪንተሮች በሊኑክስ ላይ በአብዛኛው ያለ ችግር ይሠራሉ፣ አንዳንድ የካኖን ሌዘሮች ግን ያስቸግራሉ። ሊብሬኦፊስ የወርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ግን ቅርጹ ሊዛባ ይችላል። ሲበላሽ የሚጠየቀውም የኢንተርኔቱ ማኅበረሰብ ነው፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ። የሰፈር ቴክኒሻን ካላወቀው ወዲያው ዊንዶውስ ሊጭንላችሁ ይፈልጋል።

ማክ

አጭር ነው። የ2017 ማክቡክ ኤር ርካሽ ሆኖ ታገኛላችሁ። የመጨረሻው ሲስተሙ ሞንተሬይ ነው፣ እሱም አፕዴት ማግኘት አቁሟል። ታሆ የሚባለው የማክ ሲስተም የኢንቴል ማኮች የመጨረሻው መሆኑን አፕል ተናግሯል፤ ታሆንም የሚቀበሉት ጥቂት የኢንቴል ሞዴሎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ማክ ካማራችሁ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከወጣው፣ የአፕል የራሱ ቺፕ ካለው ኤም1 ጀምሩ። ገንዘቡ ለእሱ ካልደረሰ 8ኛ ጀነሬሽን ዊንዶውስ ይሻላችኋል።

ባትሪና ዳታ

ባትሪውን የምጠቅሰው ከአፕዴት ጋር ስለሚያያዝ ነው። እዚህ መብራት ይጠፋል። ዊንዶውስ አፕዴት ላይ እያለ ኃይል ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የባዮስ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ አፕዴት መሀል ላይ ቢቋረጥ ግን ማሽኑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፤ የባዮስ አፕዴት ደግሞ በዊንዶውስ አፕዴት በኩልም ይመጣል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ስለዚህ ዋጋው ቢቀንስም ለእኛ ሰፈር አይሆንም። ሻጩ ፊት ቻርጀሩን ንቀሉና ተጠቀሙበት።

በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ሰዎች የዋይፋዩን ሴቲንግ «ሚተርድ» አድርጉት። ከባድ አፕዴት ፓኬጃችሁን ሳታስቡት አይጨርሰውም። አፕዴቱን እስከ አምስት ሳምንት ማቆየትም ይቻላል። ግን እንደቆየ አትተዉት፤ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ አስጨርሱት። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 አድጋችሁ ፕሪንተሩ ወይም ፒችትሪው እንቢ ካለ፣ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ነበረው መመለሻ አማራጩ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ከ10 ቀን በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ያደጋችሁ ዕለት የምትሠሩባቸውን ነገሮች ሁሉ ሞክሩ።

ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችሁ ላፕቶፑን አገናኙት። «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ ገብታችሁ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን ተጫኑ። ማሽኑ መስፈርቱን እንደማያሟላ ወይም ድጋፉ እንዳበቃ የሚናገር ጽሑፍ ከመጣ ለሻጩ አሳዩትና ዋጋውን ከዚያ ጀምራችሁ ተነጋገሩ።