እንቁላሌን ያተረፉልኝ የናዝሬት ባለ ቶርኖ

ይህን ጽሁፍ ከፋሲካ ጀምሮ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ስራ እያሳበብኩ ቆየሁ። ትናንት ማታ የጎረቤቴ ልጅ የመኪናውን ቡሎን ሊያስበይድ እንደሆነ ሲያወራ ሰማሁና አላስቻለኝም።

እኔ እንቁላል ነጋዴ ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ከቢሾፍቱ ጭኜ አዳማ ላሉ ካፌዎችና ሱቆች አደርሳለሁ፤ የምጭነውም በአሮጌ ኮሮላ ነው። መኪናዬ ስትታመም መጀመሪያ የሚነግረኝ እንቁላሉ ነው። ደህና ስትሆን 30 ከሚይዘው ትሪ አንድ ቢሰነጠቅ ነው። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ከግራ በኩል ከምደረድራቸው ትሪዎች አራት አምስት እየተሰበረ መውረድ ጀመረ። የቀኙ ደህና ነው። ፍጥነት መቀነሻ ላይ ስወጣም ከፊት ከግራ በኩል ኳ፣ ኳ ይላል። እንቁላል የሚሸጥ ሰው ፋሲካ ሊደርስ ሲል እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚሰማው ነጋዴ ያውቀዋል። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቅነው ገበያ ነው።

አንድ ጋራዥ አስገባኋት። የታችኛው ብራቾ ጎማ አልቋል አሉኝ። ብራቾ ማለት የመኪናዋን እግር ከሆዷ ጋር የሚያያዘው ክንድ ነው፤ ጎማው ደግሞ የሚሽከረከረው ሳይሆን የብራቾው መገጣጠሚያ ላይ የሚገባው ላስቲክ ነው። እዚህ ድረስ አልተሳሳቱም፤ የወጣውን ጎማ አይቼዋለሁ፣ ተቦጫጭቆ ነበር። ጉዱ የመጣው ሲመልሱት ነው። የድሮው ቡሎን ዝጓል ብሎ የጋራዡ ልጅ ከጣሳ ውስጥ ውፍረቱ የሚመስለውን አንስቶ አስገባ። ሁለት ዙር ያህል በእጁ ሄደለት፣ ከዚያ ጠበቀበት። ቆም ብሎ እንደማሰብ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። ቡሎኑ መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ ለቀቀ፣ ከዚያ በኋላ ባዶውን ይሽከረከር ጀመር። ቡሎኑን የሚቀበለው ዳዶ ደግሞ ከውስጥ በኩል ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ አውጥቶ በሌላ መቀየር አይቻልም።

«ችግር የለም፣ በብየዳ እናስይዘዋለን» አለኝ ኃላፊው። እውነቱን ልናገርና እሺ ልለው ነበር። ትሪዎቹ ቢሾፍቱ እየጠበቁኝ ነው፣ እኔ ስለ ቡሎን ምን አውቃለሁ? ያዳነኝ ላዳ የሚነዳ ጎረቤቴ ነው። ደውዬ ስነግረው «እንዳታስበይጂው! ጋሼ ሳያዩአት ማንም እንዳይነካት» ብሎ ጮኸብኝ።

ጋሼ የሚባሉት ባለ ቶርኖ ናቸው፤ ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠው ማሽን ነው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ደውዬ መኪናዋን ይዤ ልምጣ ስላቸው «ብራቾው ሳይታሰር? ምን ነካሽ ልጄ፣ ባለችበት ትቁም» አሉኝና ዕቃቸውን በባጃጅ ጭነው ራሳቸው መጡ። የጋራዡ ሰዎች ፊታቸው ባይፈታም አልከለከሏቸውም።

መጀመሪያ የጠየቁት የድሮውን ቡሎን ነው። ልጁ ከቆሻሻው ውስጥ ፈልጎ አመጣላቸው። ከኪሳቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ ያላቸው ስስ ብረቶች አውጥተው አንድ በአንድ እየለኩ አሳዩኝ። የድሮውም የአዲሱም ቡሎን ውፍረት 14 ሚሊሜትር ነው። የድሮው ግን ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው፣ የአዲሱ 2። በዓይን ማንም አይለየውም። «ዚፕ አንድ ጥርስ ዘሎ ሲያዝ ምን ይሆናል? ጎትተሽ ትዘጊዋለሽ፣ ግን ይቀደዳል» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው ሲያወጡት እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ብጣሽ ተከትሎት ወጣ። ያ የመኪናዬ ጥርስ ነበር።

ለምን ብየዳውን እንደጠሉት ስጠይቃቸው ያለ ቁጣ አስረዱኝ። እሳቱ አዲስ የገባውን ጎማ ያቃጥለዋል፤ ቡሎኑም ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በሙቀት ተዘጋጅቶ ስለሆነ እንደገና ሲግል ባህሪው ይለወጣል። ጎማው ነገ ሲያልቅ ደግሞ የሚፈታ ነገር አይኖርም፣ መቁረጥ ነው።

መጀመሪያ በዘይት ያራሱትን የ1.5 ታፕ፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ አስገብተው ጥርሱን ለማጽዳት ሞከሩ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፣ እንደገና ግማሽ ወደፊት። ብጣሹ እንዲሰበርና ታፑን እንዳይነክሰው ነው አሉኝ። ሲጨርሱ ትክክለኛው ቡሎን ገባ፣ ጠበቅም አለ። እኔ አለቀ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት «ይህ ለበር ማጠፊያ ይበቃል፣ ለእግር አይበቃም» ብለው መልሰው ፈቱት። የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ሙሉ በሙሉ ስለሄዱ ቡሎኑን የያዘው የተረፈው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ገንዘቡን ተቀብሎኝ ይሄድ ነበር፤ እኔም አመስግኜ በዚያው ቡሎን ቢሾፍቱ እሄድ ነበር።

መፍትሄው ሄሊኮይል የሚባል ነገር ነው። እንደ ሞላ የተጠቀለለ የማይዝግ ሽቦ ነው። የተበላው ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፣ በራሱ ታፕ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ሽቦው እዚያ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ የሽቦው ውስጠኛ ክፍል ራሱ ለድሮው ቡሎን ልክ የሆነ ጥርስ ይሆናል። የ14ቱ እሳቸው ጋ ስላልነበረ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስልከው በማግስቱ መጣ። እስከዚያ ድረስ ቁጭ አላሉም። ቶርኖ ቤታቸው ሄደው መሰርሰሪያውን ቀጥ አድርጎ የሚመራ ቀለበት ቆርጠው መጡ፤ መኪና ስር ተኝቶ በእጅ ሲበሳ ትንሽ ከተጣመመ ብራቾውም ተጣሞ ይታሰራል ብለው። እኔ በበኩሌ ያን ቀን የተከራየሁት ሚኒባስ ውስጥ ትሪ ታቅፌ ነበር፤ እሱን ተዉት።

የአዲሱን ቡሎን ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። በዛገው ምትክ ከሱቅ ገዝቼ ያመጣሁትን ቡሎን አናቱን ብቻ አይተው መለሱብኝ። 8.8 ተጽፎበታል። የመጀመሪያው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ብረቱ ሳይበጠስ የሚችለውን ጉልበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ጉልበት ከአስር በስንት እጁ ላይመለስ መለጠጥ እንደሚጀምር ይናገራል አሉኝ። ለዚህ ቦታ የፈለጉት 10.9 ነበር፤ ተመልሼ ሄጄ ቀየርኩ። ሃምሳ ጊዜ ቡሎን ገዝቼ ይሆናል፣ ራሱ ላይ የተጻፈውን አንብቤ አላውቅም ነበር።

ሲያስሩትም መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ሳለ በእጅ ብቻ አስይዘው ወደ መሬት አወረዷት። ጎማዋ መሬት ነክቶ ክብደቷን ከያዘች በኋላ ነው ልኩን በሚያሳየው መፍቻ ያጠበቁት። ተንጠልጥላ ሳለ ከጠበቀ የብራቾው ጎማ ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። መጨረሻ ላይ በቀጭን ብሩሽ ከቡሎኑ ራስ ወደ ብረቱ የሚሻገር ነጭ መስመር አሰመሩና «ቢሾፍቱ ደርሰሽ ስትመለሺ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ያኔ አሳዪኝ። መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው» አሉኝ። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ፣ እንዳሰራም ላኩኝ፤ እሱን ሌላ ቦታ ነው ያሰራሁት፣ እሳቸው ኮሚሽን እንኳ የላቸውም።

ከቢሾፍቱ ስመለስ አሳየኋቸው፣ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነበር። በዚያ ጭነት ከግራ በኩል የተሰበረው አንድ እንቁላል ነው፣ እሱንም ራሴ ሳወርድ ነው የጣልኩት። ዛሬ ጠዋትም ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የናዝሬት አቧራ ሸፍኖታል እንጂ በጣቴ ስጠርገው መስመሩ አልተነቃነቀም።

ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለድካምዎ የጠየቁኝ በሁለት ሳምንት ከተሰበረብኝ እንቁላል ያነሰ ነው፤ ጨምሬ ስሰጥዎ መልሰው በሩ ላይ ያስቀመጡብኝን አልረሳሁትም።

ቡሎን የተበላባችሁ፣ ጥርሱ የሄደባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ በር ዘግተው ስለሚሰሩ አይሰሙም። የወለቀውን ቡሎን ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ እሱ አያናግሩም።